የዐለት እጥፋት፦ ቅርጹ፣ ምደባውና ከቦሌ ሥር ያሉት ንብርብሮች

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ባለፉት ዓመታት በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚት ወይም በአያት በኩል የተመላለሰ ሰው ለረጅም ሕንፃ የተቆፈረ ጥልቅ የመሠረት ጉድጓድ ሳያይ አልቀረም። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ የበሰበሰና ቀላ ያለ ዐለት፣ ከዚያም ጠንካራ ድንጋይ በየተራ ይታያሉ። የንብርብሮቹ ድንበር ግን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንዳንድ ቦታ ይጎብጣል፣ አንዳንድ ቦታ ይሰረጉዳል። ይህን ያየ ሰው፣ አንዳንዴ መሐንዲሱም ጭምር፣ «እዚህ ጋ ዐለቱ ታጥፏል» ይላል። የዛሬው ንግግሬ ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር የሚመረምር ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ከቦሌ ሥር ያሉት ንብርብሮች በጥብቅ ትርጉሙ የታጠፉ አይደሉም። የጎበጡት በሌላ ምክንያት ነው። ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ ባላደከምኋችሁ ነበር። ነገር ግን የጎበጠን ንጣፍ «እጥፋት» ብሎ የሰየመ ሰው፣ ንጣፉ ባልታየበት ቦታ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚገኝም በዚያው ስም ይተነብያል። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈረውና የሕንፃ መሠረት የሚጣለው በዚያ ትንበያ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ እጥፋት ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚመደብ፣ ከዚያም እውነተኛው እጥፋት በአገራችን የት እንደሚገኝ አይተን በመጨረሻ ወደ ቦሌ እንመለሳለን።

የእጥፋት አካላት

እጥፋት የምንለው ቀድሞ ጠፍጣፋ የነበረ የዐለት ወለል በኋላ በደረሰበት ኃይል ምክንያት ሳይቆረጥ የጎበጠ እንደሆነ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው «ቀድሞ ጠፍጣፋ የነበረ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «በኋላ የጎበጠ» የሚለው። ሁለቱንም እንድትይዙልኝ እጠይቃለሁ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

አንድን እጥፋት በልቡናችሁ ለመሣል የታጠፈ ነጠላ አስቡ። ከመታጠፊያው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ገጾች የእጥፋቱ ክንፎች ናቸው። ጉብጠቱ ከሁሉ የበረታበት መስመር ማጠፊያው ይባላል። ዐለት እንደ ነጠላ አንድ ወለል ብቻ የለውም፤ በላዩም በሥሩም ሌሎች ንጣፎች አብረው ታጥፈዋል። የእነዚህን ሁሉ ማጠፊያ መስመሮች አንድ ላይ ብናገናኝ እጥፋቱን ለሁለት የሚከፍል ወለል እናገኛለን፤ ይህን የማጠፊያ ወለል እንለዋለን።

በመስክ ላይ የሥነ ምድር ባለሙያ የሚይዘው ኮምፓስና የዝንባሌ መለኪያ ነው። በየቦታው የንጣፉን ዝንባሌ በዲግሪ፣ ያዘነበለበትንም አቅጣጫ ይመዘግባል። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሃያና ሠላሳ ልኬት ሲሰበሰብና በክብ ሥዕላዊ መረብ ላይ ሲነጠብ ግን ማጠፊያው ራሱ በአፈር ተሸፍኖ ባይታይ እንኳ አቅጣጫውና ዝቅታው ይታወቃል። የእጥፋት ጂኦሜትሪ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ ከሚታየው ወደማይታየው በሥርዓት ያሻግራል።

በማዕዘንና በአቀማመጥ መመደብ

እጥፋትን ለመመደብ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለው ማዕዘን ስንት ነው? የሚለው ነው። ፍሉቲ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመውና እስከ ዛሬ በምንሠራበት ምደባ መሠረት፣ ማዕዘኑ ከ180 እስከ 120 ዲግሪ ከሆነ እጥፋቱ ለዘብተኛ ነው። ከ120 እስከ 70 ክፍት፣ ከ70 እስከ 30 ዝግ፣ ከ30 በታች ጠባብ ይባላል። ክንፎቹ ፈጽመው ትይዩ ከሆኑ ደግሞ ዐለቱ እንደ ተጣጠፈ ጋቢ በራሱ ላይ ተደርቧል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የማጠፊያው ወለል እንዴት ቆሟል? የሚለው ነው። ከ80 ዲግሪ በላይ ቀና ካለ እጥፋቱ ቀጥ ያለ፣ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ የተጋደመ፣ በመካከል ከሆነ ያዘነበለ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ማጠፊያ መስመሩ ለጥ ያለ ነው ወይስ ወደ መሬት ውስጥ ይጠልቃል? የሚለው ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከተሰጡን ቦታውን ያላየ ሰው እንኳ እጥፋቱን በወረቀት ላይ ሊሥለው ይችላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚያደናግራቸውን አንድ ነጥብ ላንሣ። ወደ ላይ የጎበጠ ሁሉ አንቲክላይን፣ ወደ ታች የሰረጎደ ሁሉ ሲንክላይን አይደለም። ሁለቱ ስሞች ከቅርጽ በላይ የሚናገሩት ስለ ዕድሜ ነው። አንቲክላይን በመካከሉ አሮጌውን ዐለት ይይዛል፤ ሲንክላይን በመካከሉ ወጣቱን ይይዛል። ንብርብሮቹ ቀድሞ የተገለበጡ ከሆነ ወደ ላይ የጎበጠው ቅርጽ በውስጡ ወጣቱን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ንጣፍ ቀድሞ እንደተነጠፈ እስካላወቅን ድረስ ቅርጹን ብቻ መናገር ይገባናል። ቅርጽን መግለጽ አንድ ነገር ነው፤ ታሪክን መፍረድ ሌላ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ውፍረት የሚናገረው

እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ራምሴ ስለ ዐለቶች መታጠፍና መሰበር ባሳተሙት መጽሐፍ ከማዕዘን ይልቅ በንጣፉ ውፍረት ላይ የተመሠረተ ምደባ አቀረቡ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ንጣፉ በማጠፊያው ላይና በክንፎቹ ላይ ውፍረቱ እኩል ነውን?

ለዚህ ደብተር ያዙና ጎንበስ አድርጉት። የእያንዳንዱ ቅጠል ውፍረት አልተለወጠም፤ ነገር ግን ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ተንሸራትተዋል፣ የደብተሩም ጠርዝ ሰያፍ ሆኗል። ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ወይም የአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች ሲታጠፉ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ውፍረታቸው በየቦታው እኩል ሆኖ ይቆያል። ራምሴ ይህን በአንደኛው ምድብ ውስጥ አስቀምጠውታል። በሁለተኛው ምድብ ደግሞ የላይኛውና የታችኛው ወለል ፍጹም ተመሳሳይ ቅርጽ አላቸው፤ ንጣፉም በማጠፊያው ላይ ወፍሮ በክንፎቹ ላይ ይሳሳል። ይህ የሚሆነው ዐለቱ በሙቀትና በግፊት ለስልሶ እንደ ሊጥ ሲፈስስ ነው። በሦስተኛው ምድብ ማጠፊያው ከዚህም ይበልጥ ይወፍራል፤ በጠንካራ ንጣፎች መካከል የተጨመቀ ለስላሳ ሸክላ ዐለት ብዙ ጊዜ ይህን ያሳያል። ስለዚህ ውፍረትን የለካ ሰው ዐለቱ በታጠፈ ጊዜ ጠንካራ እንደነበረ ወይም ለስልሶ እንደነበረ ያውቃል።

የእጥፋቱ ስፋትም የዘፈቀደ አይደለም። በለስላሳ ነገር የተከበበ ጠንካራ ንጣፍ ከሁለት ጎን ሲገፋ የሚመርጠው የሞገድ ርዝመት አለው። ባዮትና ራምበርግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በየፊናቸው ባሳዩት ስሌት መሠረት፣ የሁለቱ ዐለቶች የዝልግልግነት ውድር ለ6 ይካፈላል፣ ከዚያ ኩብ ሩቱ ይወሰዳል፣ ውጤቱም በንጣፉ ውፍረትና በሁለት ፓይ ይባዛል። ንጣፉ 1 ሜትር ቢወፍርና ከከበበው ዐለት 48 እጥፍ ቢጠነክር፣ 48 ለ6 ሲካፈል 8፣ የ8 ኩብ ሩት 2 ነው፤ ስለዚህ ርዝመቱ ወደ 12.6 ሜትር ይሆናል። ንጣፉ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ወደ 1.26 ሜትር ይወርዳል። በአንድ ገደል ላይ ወፍራሙ ንጣፍ ሰፊ፣ ቀጭኑ ደግሞ ጠባብ ጠባብ እጥፋት የሚሠራው ስለዚህ ነው።

እውነተኛው እጥፋት በአገራችን

እጥፋት በዋናነት የመገፋፋት ውጤት ነው። ታዲያ የኢትዮጵያ ምድር መቼ ተገፋፋ? መልሱ በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ በሚገኙት እጅግ ጥንታውያን ዐለቶች ውስጥ ነው። ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ምሥራቅ አፍሪካና ዐረቢያ በምንላቸው ቦታዎች በመካከል የነበረው ባሕር ተዘግቶ ምድሮች ተጋጠሙ፤ በዚያ ግጥሚያ ንብርብሮቹ ተጣጠፉ፣ ከግፊቱና ከሙቀቱ የተነሣም ተለወጡ።

ከእነዚህ ሁሉ ለማስተማሪያነት የተመቸው በምሥራቅ ትግራይ ከውቅሮ በስተሰሜን የሚገኘው የነጋሽ ሲንክላይን ነው። ነጋሽን አብዛኞቻችሁ የምታውቁት በታሪካዊው መስጊድ ነው፤ በዙሪያው ያለው ምድርም የራሱ ታሪክ አለው። ከዳር ሆነን ወደ መካከል ብንጓዝ መጀመሪያ የምናገኘው ጥንታዊውን፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን የጻሊየት ዐለት ነው። ከዚያ የተምቤን ቡድን የሚባሉት ስሌትና የኖራ ድንጋዮች ይከተላሉ። በመካከል ደግሞ ከሁሉ ወጣት የሆነው፣ ልዩ ልዩ ጠጠርና ቋጥኝ የተቀላቀለበት ዐለት ይገኛል፤ ይህም ከ720 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጀመረው ታላቅ የበረዶ ዘመን ጋር የሚያያዝ ነው። ወደ ሌላኛው ዳር ስንሻገር ያው ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይደገማል። አሮጌው በዳር፣ ወጣቱ በመካከል፤ ሲንክላይን የሚለውን ስም በሁለቱም መስፈርት፣ በቅርጽም በዕድሜም፣ አሟልቷል።

እጥፋቱ መቼ እንዳበቃስ በምን እናውቃለን? በዚያው አካባቢ የታጠፉት ዐለቶች አናት እንደ ተላገ እንጨት ተስተካክሎ ተቆርጧል። በዚያ በተቆረጠው ወለል ላይ የእንጢጮ የአሸዋ ድንጋይና የእዳጋ ዓርቢ የበረዶ ዘመን ደለሎች፣ ከእነርሱም በኋላ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፈዋል። እነዚህ አልታጠፉም። ስለዚህ እጥፋቱ ከእነርሱ በፊት ተፈጽሟል፤ ተራሮቹም ተሸርሽረው አልቀዋል። የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይና የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚሉትን ስሞች የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተጓዘው ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ የምልከታውን መጽሐፍ በ1870 አሳተመ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ደጋግሞ የተረጋገጠው ነገር ቢኖር፣ እነዚህ ንብርብሮች በሰፊው ሲታዩ ለጥ ያሉ ወይም በትንሹ ያዘነበሉ መሆናቸው ነው። በመቀሌ ዙሪያ እንደሚታየው የሚጎብጡት በተለይ በትልልቅ ስብራቶች አጠገብ ነው።

ወደ ቦሌ ስንመለስ

አሁን ሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ ቦሌ እንምጣ። እዚህ የምንቆምበት ዐለት ከነጋሽ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። ከሰሜን የእንጦጦ ዐለቶች ዕድሜ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ሲጠጋ፣ በምሥራቅ ደረቱን ሰጥቶ የቆመው የየረር ተራራ ግን ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው። በመካከል ያለውን ሜዳ የሞሉት ባዛልት፣ ከትኩስ አመድ ተጣብቆ የተሠራው ኢግኒምብራይት፣ በመካከላቸውም በየዘመኑ የተፈጠሩ የጥንት አፈሮች ናቸው።

ከተማችን የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ነው። ስምጥ ሸለቆ የመገፋፋት ሳይሆን የመሳሳብ ውጤት ነው፤ ሁለቱ ዳርቻዎች በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ የዚህን መሳሳብ ድምፅ ሰምተናል። የሚሳሳብ ምድር ከላይኛው ክፍሉ አይታጠፍም፤ ይሰበራል፣ ይሰምጣል፣ ያዘነብላል። በከተማዋ መካከል የፍልውኃው ሙቅ ውኃ የሚወጣውም በእንዲህ ያለ ስብራት በኩል ነው።

እንግዲህ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የምናየው ጉብጠት ከየት መጣ? አራት ምክንያቶችን ላቅርብ።

አንደኛውና ከሁሉ የሚበዛው የጥንት ሸለቆ ነው። ትኩስ አመድም ሆነ ላቫ ሲመጣ የሚያገኘው ጠፍጣፋ ሜዳ አይደለም፤ ወንዝ የቦረቦረውን መሬት ነው። ሸለቆውን ይሞላል፣ ጉብታውን ይሸፍናል። የንጣፉ የታችኛ ወለል ጎባጣ የሆነው ከመጀመሪያው ነው። «ቀድሞ ጠፍጣፋ የነበረ» የሚለውን ሁኔታ አላሟላም፤ ስለዚህ እጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው በስብራት ምክንያት የሚመጣ ዝንባሌ ነው። አንድ ቁራጭ ምድር በአንድ ጎኑ ሲሰምጥ በላዩ ያሉት ንጣፎች ሁሉ አብረው ያዘነብላሉ፤ በስብራቱ አጠገብ ብቻ ጥቂት ሜትር ያህል ሊጎብጡ ይችላሉ። ይህ ትንሽ ጉብጠት እጥፋት ሊባል ይገባዋል፤ ነገር ግን የስብራቱ አገልጋይ ነው፣ ከስብራቱም ርቆ አይሄድም።

ሦስተኛው የፍሰት እጥፋት ነው። እንደ ራዮላይት ያለ ወፍራም ላቫ፣ አልፎ አልፎም ገና ያልቀዘቀዘ ኢግኒምብራይት፣ በቁልቁለት ሲጎተት ውስጡ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይጣጠፋሉ። መልካቸው ከነጋሽ እጥፋት ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ሊያምር ይችላል፤ ራምሴ ለሁለተኛው ምድብ የሰጡትን መስፈርት ሊያሟላም ይችላል። ነገር ግን የአንድ ፍሰት ጉዳይ ነው፤ ከላይና ከታች ያሉት ንጣፎች አይካፈሉትም።

አራተኛው ከሁሉ ቀላሉ ነው። በተዳፋት ላይ አፈርና የበሰበሰ ዐለት በዝግታ ወደ ታች ሲንሸራተት የላይኛው አንድ ሁለት ሜትር ይጎብጣል። በየካ ተዳፋት ላይ ያለ መንገድ ሲቆረጥ ይህን መጠበቅ ይገባል።

ከስም በፊት ልኬት

እነዚህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በ600 ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ጉድጓዶች ተቆፈሩ እንበል። በአንደኛው ጠንካራው ባዛልት በ20 ሜትር፣ በሁለተኛው በ50 ሜትር ጥልቀት ተገኘ፤ የመሬቱ ገጽ ከፍታ እኩል ነው። ልዩነቱ 30 ሜትር ነው፤ ወለሉ ቀጥ ያለ ቢሆን ዝንባሌው ወደ 3 ዲግሪ ይሆናል። በመካከል በ300 ሜትር ላይ ሦስተኛ ጉድጓድ ቢቆፈር ባዛልቱ የት ይገኛል? ዝንባሌ ነው ያለ ሰው 35 ሜትር ይላል። ስብራት ነው ያለ 20 ወይም 50 ይላል። የጥንት ሸለቆ ነው ያለ ሰው ደግሞ ተጨማሪ መረጃ ሳያገኝ ቁጥር አይሰጥም፤ ልክም ነው። ስሙ ቁጥሩን ወሰነው ያልኋችሁ ይህን ነው።

መለያው ያው የራምሴ ጥያቄ ነው፦ ውፍረቱስ? በእጥፋትና በዝንባሌ የንጣፉ የላይኛና የታችኛ ወለሎች አብረው ይሄዳሉ። በስብራትም ሁሉም ንጣፎች በእኩል መጠን ይወርዳሉ። ሸለቆ የሞላ ንጣፍ ግን ከታች ጎድጓዳ፣ ከላይ ለጥ ያለ ነው፤ በመካከል ይወፍራል፣ ወደ ዳር ሳስቶ ያልቃል። በሥሩም የወንዝ ጠጠር ወይም የጥንት አፈር ይገኛል። ሌላም ምስክር አለ፦ የባዛልት ዐምዶች ላቫው ወደ ቀዘቀዘበት ወለል ቀጥ ብለው ስለሚያድጉ፣ በሸለቆ ግድግዳ አጠገብ ያጋድላሉ። ምድሩ በኋላ ያዘነበለ እንደሆነ ግን ዐምዶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ በእኩል መጠን ያጋድላሉ።

ይህ ለኑሯችን ምን ይጠቅማል? ከተማችን ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ በደቡብ ምሥራቅ ካለው ከአቃቂ የጉድጓድ መስክ፣ ከተሰነጣጠቀ ባዛልትና ግንበኞች «ሬድ አሽ» ከሚሉት ቀይ ጠጠራማ ዐለት ውስጥ የሚወጣ ነው። ይህ ዐለት በሸለቆ ቅርጽ የተጋደመ ከሆነ ከሸለቆው ውጭ የተቆፈረ ጉድጓድ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ሕንፃም እንዲሁ ነው፤ ግማሹ መሠረት በጠንካራ ኢግኒምብራይት ላይ፣ ግማሹ ሸለቆን በሞላ ሸክላ ላይ ቢያርፍ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይሰጥሙም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ግንበኛው ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን ሁለት ነጥቦችን በቀጥታ መስመር ያገናኘው ሥዕል ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ መሐንዲሶች፣ ተቋራጮችና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የመሠረት ጉድጓድ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ ኮንክሪት ይሞላበታል፣ ለመቶ ዓመትም ማንም አያየውም። ከመሞላቱ በፊት የአንድ ቀን ሥራ ስጡት። አራቱን ግድግዳዎች ፎቶግራፍ አንሡ፣ በእያንዳንዱ ላይ የንጣፎቹን ውፍረት ቢያንስ በሦስት ቦታ ለኩ፣ ዝንባሌያቸውን በኮምፓስ መዝግቡ፣ ቦታውንና ከፍታውን ጻፉ፣ መዝገቡንም ሌላው ሊያገኘው በሚችልበት ስፍራ አኑሩት። «ታጥፏል» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የታችኛው ወለል ጎድጓዳ ነው፣ የላይኛው ለጥ ያለ ነው፣ ውፍረቱ ከ2 ወደ 7 ሜትር ያድጋል» ብላችሁ ጻፉ። ስሙን የሚሰጠው፣ የጎረቤቱም ጉድጓድ መዝገብ በእጁ ያለ ሰው ይሁን።

በየጊቢው የተበታተነው ልኬት ሲሰበሰብ ከቦሌ እስከ አያት ያለው የጥንት ሸለቆ ሁሉ በካርታ ላይ ይወጣል። ያ ካርታ ለቀጣዩ ቆፋሪ የት ውኃ እንዳለ፣ ለቀጣዩ ገንቢ የት ጠንካራ መሬት እንዳለ ይነግረዋል።